የፈረንሳዩን ወይን ያቀጠንኩበት ቀን

ስለ ፈረንሳይ ወይን የሚጽፍ ሰው ፈረንሳይን ያየ፣ ካላየም ወይኑን ደህና አድርጎ የጠጣ መሆን ነበረበት። እኔ ፈረንሳይ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አላውቅም። የወይን እውቀቴም ከቤተ ክርስቲያን ዘቢብ አያልፍም ነበር። ግን አንድ ጠርሙስ የፈረንሳይ ቀይ ወይን መንዝ ሞላሌ፣ እኔ ቤት ገብቶ ምን እንደደረሰበት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያደረስኩበት እኔ ነኝና እኔው ልጻፈው።

ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል ያስቆጠረችኝ የልጅ ልጄ ናት። እሷ የቤት ሥራዋን ስትሠራ እኔ ከጎኗ የበግ ጠጉር እየፈተልኩ፣ "ይቺ ማን ናት? ያቺ ቀንዳሟስ?" እያልኩ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ ጥፋቱን ለአስተማሪዬ ስጡልኝ።

ደግሞ እግሬ ቤት አይቀመጥም። ቀየት ለቅሶ አለ ሲባል ቀየት ነኝ፣ መሐል ሜዳ ክርስትና አለ ሲባል መሐል ሜዳ ነኝ። ገዳም የሚሄድ ሰው ካየሁማ ማንነቱን ሳልጠይቅ ከኋላው እከተላለሁ። የሰፈሬ ሰዎች "አውቶቡሷ" ይሉኛል። ስድብ ነው፤ ግን የተሳሳቱት አንድ ነገር ነው። አውቶቡስ እንኳ ተሳፋሪ ካልሞላ አይነሳም፤ እኔ ባዶዬን እነሳለሁ። ያን ዕለት ታዲያ የትም አልሄድኩም፣ ቤቴ ነበርኩ። አንድ ለቅሶ ቢገኝልኝ ኖሮ ወይኑ ይተርፍ ነበር።

የልጅ ልጄን እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተችባት እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ልጄ ነው የምላት። አሁን አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች። ለሰው "ወይን ትቀዳለች" ብዬ ስናገር ትቆጣለች።

"መቅዳት ብቻ አይደለም እምዬ! እንግዳው የሚበላውን አይቼ የሚስማማውን ወይን እመርጥለታለሁ። ተምሬበታለሁ እኮ።"

"እሺ፤ መርጠሽ ትቀጃለሽ" እላታለሁ።

እዚያው አዲስ አበባ አንድ የመርሐቤቴ ልጅ ወደዳት። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አንገቱን የደፋ፣ ሲናገር የማይሰማ ልጅ። ሽማግሌ ላከ፤ እኛም እሺ አልን። ሁሉ ነገር አለቀ ብለን እፎይ ስንል የልጁ አባት ከዓለም ከተማ ቃል ላኩ። "ልጅቷን ወደናታል። ምራቴ ግን መጠጥ ቤት አትቀዳም። ወይ ሥራውን ትተወው፣ ወይ ነገሩ ይቅር።"

እኔ በስልክ ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም። "ሥራዬንም አልተውም፣ እሱንም አልተውም" አለች። "አባትየው ራሳቸው ይምጡ። የምሠራውን አይተው ይፍረዱ። አይተው እምቢ ካሉ ያኔ አለቅሳለሁ።"

ልጁ አባቱን ለምኖ ለምኖ እሺ አሰኘ። ጾም በሌለበት በበዓለ ሃምሳ ወደኔ ቤት ብቻቸውን እንዲመጡ ተቆረጠ።

ልጄ በዋዜማው ደረሰች። ሻንጣዋን ከፍታ በሹራብ የተጠቀለለ ጠርሙስ አወጣችና፣ ክርስትና እንደሚነሳ ሕፃን ሁለት እጄን አስዘርግታ አስታቀፈችኝ። ጠርሙሱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከባድ፣ ትከሻው ሰፊ። ወረቀቱ ላይ ጉልላት ያለው ትልቅ ቤት ተሥሏል። ደብር መስሎኝ ግንባሬን አስነክቼ ተሳለምኩት።

"እምዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"የማን ደብር ነው?"

"የወይኑ ባለቤት መኖሪያ ቤት ነው እኮ!"

ሰውየው ቤቱን መንዝ ላይ አንዲት አሮጊት እንደተሳለመችለት አያውቅም። ቢያውቅ ምን ይለኝ ነበር?

በማግስቱ ከምሳ በኋላ እንግዳውን ከመኪና ልትቀበል ስትነሳ፣ በተጠማዘዘ ብረት ቡሹን ነቅላ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አቆመችው።

"ከአሁኑ ይተንፍስ" አለች።

"ማን?"

"ወይኑ። አየር ሲያገኝ ይለሰልሳል፣ ሽታውም ይወጣል። እንዳትነኪው። ዝም ብለሽ ተቀመጪ።"

እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር ችያለሁ፤ ያልቻልኩት ዝም ብሎ መቀመጥን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የጠራኝ ሽታው ነው። እውነቴን ነው፣ እኔ አልሄድኩበትም፣ እሱ ነው የመጣብኝ። በአጥር ሥር የበሰለ እንጆሪ ይሸታል፤ ወዲያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ የጥድ ሳጥን ይሸታል። ይህን የመሰለ ሽታ ያለው ነገር ጣዕሙ ምን ይሆን ብዬ በአረቄ መለኪያ ትንሽ ቀዳሁ። አማተብኩና ጨለጥኩት።

ምላሴ ተሰበሰበ። ድዴ ደረቀ። ጉንጮቼ ከውስጥ የተጣበቁ መሰለኝ፤ ያልበሰለ ኮክ የነከስኩ ያህል። እዚያው ቆሜ ሳስበው፣ ይህ ነገር አዲስ አልሆነብኝም። ዕድሜ ልኬን ለማኅበሩም ለሰንበቴውም ጠላ ጠምቄ አብልቼ አጠጥቼ የኖርኩ ሴት ነኝ። ጠላ ሲጠመቅ ከጥንስሱ በኋላ የሚዘጋጀው ወፍራሙ ድፍድፍ ነው፤ እንደዚሁ አፍ ይይዛል፣ እንደዚሁ ያሳክካል። ድፍድፍ ግን ለሰው አይቀርብም። ውሃ ተጨምሮበት ቀጥኖ ነው የሚጠጣው።

"ድፍድፍ ነው!" አልኩ ጮክ ብዬ፤ የሚሰማኝ ሰው ባይኖርም።

ነገሩ ሁሉ ወለል ብሎ ታየኝ። ፈረንሳይ ሩቅ አገር ነው። ውሃ ተሸክሞ ባሕር ከማሻገር ድፍድፉን በጠርሙስ አሽገው ይልካሉ፤ ውሃውን ገዢው በየቤቱ ይጨምርበታል። ልጄ ከተሜ ሆናለችና ይህን ረስታዋለች። ፈረንሳዮቹን በልቤ አመሰገንኳቸው፤ እንዴት ያሉ ብልሆች ናቸው አልኩ። ራሴንም አመሰገንኩ። እንዲህ ያለ ጥሬ ነገር ለዚያ ቁጡ ሰው ቢቀርብ ኖሮ ምን ልንሆን ነበር!

ጆግ አነሳሁ። ግማሹን ገለበጥኩ። ቀዝቃዛ ውሃ ጨመርኩ፣ ቀመስኩ፣ ደገምኩ። መልኩ የሕፃናት የሳል መድኃኒት መሰለ። ጣዕሙ ግን ውሃ ውሃ ይል ነበርና ማር ጣል አደረግኩበት፤ አማሰልኩት። አሁን ጣፈጠ። የቀረውን ግማሽ ለሚቀጥለው ዙር ብዬ ጠርሙሱ ውስጥ ተውኩት። ከዚያ ቀን ሥራዬ ሁሉ ይህችን መተዌ ብቻ ናት ምስጋና የሚገባት፤ እሷም ቢሆን ከቁጠባ እንጂ ከብልሃት አልነበረም።

እንግዳው ደረሱ። ከዓለም ከተማ ሞላሌ ለአሞራ ቅርብ ነው፤ ለሰው ግን ገደሉን ሁሉ ዞሮ ነውና ድካማቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ የጤፍ ገበሬ ናቸው። ምስክር እንዲሆኑ የጠራኋቸው የነፍስ አባቴ ከጎናቸው ተቀመጡ። የመንዝ በግ ታርዶ፣ ጮማው ከነአጥንቱ ቀረበ። ልጄ ከሻንጣዋ ያመጣቻቸውን ቀጫጭን እግር ያላቸው ብርጭቆዎች ደረደረች። እኔም ጆጌን ይዤ በኩራት ብቅ አልኩና ማዕዱ መሀል አስቀመጥኩት።

ልጄ ክንዴን ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተችኝ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ወይንሽ ነዋ። አቀጠንኩልሽ።"

"ምን አደረግሽው?"

"ድፍድፍ ነበር እኮ!"

ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው፣ "እምዬ፣ ምን አደረጉ እርስዎ?" አለችኝ። ይቺ ልጅ አንቺ እያለችኝ ነው ያደገችው። እርስዎ የምትለኝ ስትናደድብኝ ብቻ ነው። እርስዎ ስትለኝ ልጅ ሆኜ የምገረፍ ነው የሚመስለኝ።

እኛ ጓዳ ስንንሾካሾክ የነፍስ አባቴ ጆግ ፊታቸው ተቀምጦ መታገሥ አይሆንላቸውም፤ ለራሳቸውም ለእንግዳውም ቀድተዋል። ስንመለስ እንግዳው አፋቸውን እየጠረጉ ነበር።

"እሰይ! ወይን የሚሉት ይኼን ነው እንዴ? መልካም ነገር ነው። ሰውም አያሰክር።"

"የተባረከ ነው" አሉ የነፍስ አባቴ፤ የራሳቸውን እየሞሉ።

አለቀ አልኩ በልቤ! ወደዱት! ልጄ አፏን ልትከፍት ስትል እግሯን ረገጥኳት። ጠንከር አድርጌ ነው የረገጥኳት። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጠጡት ወይኑ አይደለም።"

"ምንድን ነው ታዲያ?"

"ቅራሪ ነው።"

የነፍስ አባቴ ትን አላቸው። ቅራሪ ማለት ጠላው ካለቀ በኋላ አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚጨለፍ የመጨረሻ ነገር ነው። እኔ ቤት ቅራሪ ቀረበ ተብሎ አያውቅም። ያውም በምራት ጠያቂ ፊት፣ ያውም ራሴ ባሳደግኳት ልጅ አፍ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እሄድ ነበር፤ ለመሄድማ እኔን ማን ይቀድመኛል።

"ሴትየዋ ድፍድፍ መስሏቸው አቀጠኑት" አለች ልጄ፤ አሁን ደግሞ "ሴትየዋ" ሆኛለሁ። ከዚያ ጠርሙሱን አምጥታ፣ በአንዱ ባለእግር ብርጭቆ ጥቂት ብቻ ቀዳች። ዞር ዞር አደረገችና ለእንግዳው በሁለት እጇ ሰጠች።

"መጀመሪያ ያሽትቱት አባቴ።"

"በአፍንጫ ነው እንዴ የሚጠጣው?" አሉ። ግን አሸተቱ። ቆም ብለው ደግመው አሸተቱ። ከዚያ ጎንጨት አሉና ፊታቸው ጭብጥ ያለ ጡጫ መሰለ። "ኡህ! ይኼማ ይነክሳል!"

"አላልኩም?" አልኩ እኔ። ማንም አላየኝም።

"አሁን ከጮማው ይጉረሱ፤ አኝከው ሳይጨርሱ ይድገሙት።"

ጎረሱ። አኘኩ። ደገሙት። ቤቱ ውስጥ የሰውየው መንጋጋ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከዚያ ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን አንስተው አዩት።

"ንክሻው የት ሄደ?"

"ጮማው ወሰደው። ወይኑም የጮማውን ቅባት ወሰደልዎ።"

እኔም ማንም ሳይጋብዘኝ ጮማ ጎርሼ ከብርጭቆዋ ተጎነጨሁ። እውነቷን ነው። ያ ድዴን ያደረቀው ነገር ተመልሶ መጣ፤ ግን ጫማውን አውልቆ የገባ ይመስል ቀስ ብሎ ነበር። እንጆሪውም ነበር፣ ጥዱም ነበር፤ ከዋጥኩት በኋላም እዚያው ቆይቷል፤ እንደ ደህና ጨዋታ አልሄድ አለኝ። አንዳንድ ሰው አለ፤ መጀመሪያ ፊቱን ቋጥሮ ይቀበላችሁና ከተቀመጣችሁ በኋላ አትነሱ ብሎ እጃችሁን ይይዛል። ወይኑ እንደዚያ ነበር። ያን መሰል ሰው ውሃና ማር አጠጥቼ ሳቂታ ላደርገው ነበር የሞከርኩት።

እንግዳው ለስለስ አሉ። "ከምንድን ነው የሚሠሩት?" ሲሉ ልጄ ደስ ብሏት ቸኮለች።

"ሦስት ዓይነት የወይን ፍሬ ነው አባቴ። ተደባልቆ ነው።"

ብርጭቆው ቁጭ አለ።

"ተደባልቆ?"

"አዎ፤ ብሌንድ ይባላል።"

"ቅይጥ ነው በይኛ።" ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "ቅቤ ከሙዝ የሚቀይጡ አሉ። ማር ከስኳር የሚቀይጡ አሉ። ገበያ በወጣን ቁጥር እነሱን ስንረግም ነው የኖርነው። እና የአንቺ ሥራ ቅይጥ መሸጥ ነው?"

ልጄ ቀላች። ለማስረዳት ሞከረች፤ ግን ከድንጋጤዋ የተነሳ የሚመጣላት የሆቴሉ ቋንቋ ብቻ ነበር፤ "ባላንስ" አለች፣ "ስትራክቸር" አለች። እንግሊዝኛው በበዛ ቁጥር የሰውየው ቅንድብ ይወርዳል። ሊነሱ ዱላቸውን ሲፈልጉ አየሁ። ልጄም አየች። ዝም ማለት አይሆንልኝም ብያችኋለሁ።

"ሰርገኛ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ሰርገኛማ መች ደረሰ" አሉ የነፍስ አባቴ፤ "መጀመሪያ ይስማሙ እንጂ።"

"የሰርጉን መች አልኩ አባ! እንደ ጤፉ፤ ሰርገኛ ጤፍ! ነጩና ቀዩ አንድ ላይ የሆነው!"

እንግዳው ወደኔ ዞሩ። ከመጡ ጀምሮ በቅጡ ሲያዩኝ ያኔ ገና ነው።

"ሰርገኛ" አሉ ቀስ ብለው። "ባለቤቴ ነጩን ብቻ አታስፈጭም። ለዓይን ነው እንጂ ጉልበት የለውም ትላለች። ቀዩ ደግሞ ለብቻው ይከብዳታል። ራሷ ናት የምታደባልቀው፤ ለሠራተኛም ለልጅም አታስነካም።"

"እዚያም እንደዚሁ ነው አባቴ" አለች ልጄ፤ አማርኛዋ ተመለሰላት። "አንዱ ፍሬ ያ የነከስዎ ነው፤ ለብቻው ያንገፈግፋል፣ ግን ወይኑን ብዙ ዓመት የሚያቆየው እሱ ነው። ሁለተኛው ለስላሳ ነው፤ ለብቻው ቶሎ ይሰለቻል። ሦስተኛው ጥቂት ነው የሚገባው፤ ለሽታው። ለየብቻ ይጠመቁና አንድ ሰው እየቀመሰ ከየትኛው ምን ያህል እንደሚገባ ይወስናል። የዓመቱን ዝናብና ፀሐይ አይቶ ነው፤ ዘንድሮ አንዱ ቢበዛ ለከርሞ ሌላው ይበዛል። ሦስት መሆኑንም አይደብቁም። ለጠየቀው እንግዳ ሁሉ የምናገረው እኔ ነኝ።"

"አይደብቁም?"

"አይደብቁም።"

"አንቺስ ቀኑን ሙሉ ትጠጫለሽ?"

"እቀምሳለሁ፤ ከዚያ እተፋዋለሁ።"

"ትተፊዋለሽ!" ሰውየው ከቅይጡ ይልቅ በዚህ ደነገጡ። "ይኼን? ከፈረንሳይ የመጣውን?" የነፍስ አባቴም አማተቡ። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሥራዋ ሁሉ ያፈርኩባት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ሰውየው ጋቢያቸውን ከአገጫቸው ዝቅ አደረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር።

"ልጄ፣ ያንን ጣፋጩን ስወደው አይተሻል። ዝም ብትዪ ነገሩ ያልቅልሽ ነበር። እኚህ እናትሽ እግርሽን ሲረግጡሽም አይቻለሁ። ለምን ተናገርሽ?"

ለካ አይተውኛል! ጆጉን ማየት ጀመርኩ።

"በሌላ ነገር ወደው እሺ ቢሉኝ ምን ይጠቅመኛል አባቴ?" አለች። "ደግሞ ሥራዬ ይኸው ነው። እንግዳ የሚጠጣውን አውቆ ይጠጣ፤ ከዚያ ቢወደውም ባይወደውም የሱ ነው። እርስዎም ሥራዬን አውቀውት እምቢ ይበሉኝ።"

ሰውየው ወደ ነፍስ አባቴ ዞሩ። "መጠጥ ቤት ሲሉኝ እኔ የማውቀው ሰውን የሚያታልሉበትን ነው" አሉ። "ይቺ እንኳን ሰው ልታታልል ለራሷ ጥቅም ብላም አልዋሸችም። ቃሌን አንስቻለሁ። ሥራዋን ትሥራ።" ልጄ ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ስትል በእጃቸው አገዷት። "ቆይ፤ አልጨረስኩም። በምትኩ ሌላ ቃል አስገባለሁ።"

በልቤ ማርያምን ጠራሁ።

"በሰርጉ ዕለት እኚህ እናታችን ጓዳ እንዳይገቡ።"

የነፍስ አባቴ እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ልጄም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። እኔም ምን እላለሁ? እሺ አልኩ። ሰውየው ይህን ፈርደው ሲያበቁ ጆጉን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው፣ "ይኼ ግን ከሚደፋ" አሉና እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጨረሱት። ልጄ ልትናገር ስትል አሁንም እግሯን ረገጥኳት፤ በዚህኛው ሰማችኝ።

ልጄ ሥራዋ ላይ ናት። ሰርጉ በሰላም አለፈ። የባልየው አባት ቃላቸውን አልረሱም፤ ጓዳው በር ላይ ሁለት ኮረዶች አቁመውብኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በክብር ወንበር ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጥኩ፤ ሰው ሁሉ እየመጣ ጉልበቴን ይስማል። ኮረዶቹ ለጭፈራ ሲጠሩ ብቻ በጓሮ በኩል ዞሬ ገባሁ። ለማየት ነው የገባሁት። የወይን ጠርሙሶቹ አንድ ጥግ ተደርድረው ነበር፤ በማርያም፣ አልነካኋቸውም። ወጡን ብቻ ነው የቀመስኩት። ጨው ትንሽ ጎድሎት ነበር።